ከዐለት ላይ ወይስ ከወንዝ አፍ? ለመዝናናት ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው የቦታ መምረጫ መመሪያ

ጀልባ ሳይኖረው ከባሕር ዳር ቆሞ ለመዝናናት ዓሣ ማጥመድ የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ቦታ ይጠብቀዋል። አንደኛው ሞገድ በቀጥታ የሚመታው የባሕር ዐለት ነው፤ ሌላው ደግሞ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበትና ጨዋማው ውኃ ከጨው አልባው ጋር የሚቀላቀልበት የወንዝ አፍ ነው። ብዙ ሰው ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው «ትልቅ ዓሣ የሚገኘው የት ነው?» ብሎ ጠይቆ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት፦ ውኃው ከየት በኩል ይመጣል፣ በምን ፍጥነት ይደርሳል፣ ሲደርስስ በየት ይወጣል? በዐለት ላይ አደጋው ከፊት ለፊት፣ በሰከንዶች ውስጥ ይደርሳል። በወንዝ አፍ ደግሞ ከጀርባ፣ በዝግታና ብዙ ጊዜም ያለ ድምፅ ይመጣል። የዕቃው፣ የሰዓቱ፣ የጫማውና የባልንጀራው ምርጫ ሁሉ ከዚህ ልዩነት ይመነጫል።

ሙላቱና ጉድለቱ

ሐይቅ ዳር ማጥመድ የለመደ ሰው ወደ ባሕር ሲመጣ ከሁሉ በፊት መማር ያለበት የውኃውን ሰዓት ነው። በአብዛኞቹ የዓለም የባሕር ዳርቻዎች ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ የነገው ሙላት ከዛሬው 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። አዲስ ጨረቃ በምትወጣበትና ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ይሰፋል፤ በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ደግሞ ይጠብባል። ይህ ልዩነት ከቦታ ቦታ እጅግ ይራራቃል፤ በአብዛኛው የሜዲትራኒያን ዳርቻ ከግማሽ ሜትር የማይበልጥ ሲሆን በካናዳው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን እስከ 16 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በመሆኑም የአንዱን ዳርቻ ልማድ ይዞ ወደ ሌላው መሄድ አደገኛ ነው።

ውኃው የሚጨምረው በእኩል ፍጥነት አይደለም። ስድስት ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን ሙላት በአሥራ ሁለት እጅ ከፍለን ብናየው፣ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት እጅ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት እጅ፣ በአምስተኛው ሁለት እጅ፣ በመጨረሻው አንድ እጅ ይጨምራል። ግምታዊ ስሌት ቢሆንም፣ የሙላቱ ግማሽ የሚመጣው በመካከለኞቹ ሁለት ሰዓታት መሆኑን በግልጽ ያሳያል። ለወንዝ አፍ አጥማጅ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ውኃው ሲጎድል በሚገለጠው አሸዋና ጭቃ ላይ የሚራመድ ሰው፣ የመጀመሪያው ሰዓት ቀስ ማለቱን አይቶ ጊዜ አለኝ ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ውኃው በመጀመሪያ የሚሞላው ሰውየው የቆመበትን ከፍ ያለ አሸዋ ሳይሆን ከኋላው ያሉትን ዝቅተኛ ቦዮች ነው። ፊቱን ወደ ባሕር አድርጎ መንጠቆውን ሲጠብቅ የመመለሻ መንገዱ ይቆረጣል። በእንግሊዝ በሞርካም ባሕረ ሰላጤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2004 ቢያንስ 21 ዛጎል ለቃሚዎች በምሽት በሙላት ተከበው ሞተዋል። እነዚያ ሰዎች ለመዝናናት የወጡ አልነበሩም፤ ቢሆንም እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ውኃ ሰውን እንዴት እንደሚከብ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

በዐለት ላይ ደግሞ ሙላት የሚታየው በሌላ መልክ ነው። ዐለቱ ራሱ ላይጠልቅ ይችላል፤ ነገር ግን ውኃው አንድ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ቀደም ሲል ከሥር ተሰብሮ ይመለስ የነበረው ሞገድ አሁን የሚቆሙበት ቦታ ላይ ይወጣል፤ ወደ ዐለቱ ያሻገረው ዝቅተኛ መተላለፊያም ይዘጋል። በወንዙ ውስጥ ወደ ላይ በራቁ ቁጥር ሙላቱ ከአፉ ዘግይቶ እንደሚደርስም ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሙላትና የጉድለት ሰዓት የሚያሳየው ሰንጠረዥ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው በአቅራቢያው ስላለ ወደብ እንጂ አጥማጁ ስለቆመበት ድልድይ ሥር አይደለም።

ዐለት፦ ከፊት የሚመጣው ውኃ

ከዐለት ላይ የሚታየው ሞገድ ብዙ ጊዜ እዚያው የተወለደ አይደለም። በመቶዎችና በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት የነፈሰ ኃይለኛ ነፋስ ያስነሣው ሞገድ፣ ፀሐይ በጠራችበትና ነፋስ በሌለበት ቀን ዳርቻ ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ የሰማዩ ጥራት ስለ ባሕሩ የሚነግረው ጥቂት ነው። በባሕር ትንበያ ላይ የሞገዱን ቁመት ብቻ ማንበብም አይበቃም፤ በሁለት ሞገዶች መካከል ያለውን የሰከንድ ልዩነት አብሮ ማየት ያስፈልጋል። በጥልቅ ባሕር ላይ በ8 ሰከንድ ልዩነት የሚመጡ ሞገዶች አንዱ ከሌላው 100 ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ በ14 ሰከንድ የሚመጡት ደግሞ 300 ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ቁመታቸው በትንበያው ላይ እኩል ቢጻፍ እንኳ፣ ሁለተኛዎቹ የተሸከሙት ጉልበት ስለሚበልጥ ዳርቻ ሲደርሱ ከፍ ብለው ዐለቱ ላይ ርቀው ይወጣሉ።

በትንበያ የሚጻፈው ቁመት የሁሉም ሞገዶች ጣሪያ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ቁጥሩ ከሞገዶቹ መካከል የትልልቆቹ ሲሦ አማካይ ነው፤ በጥቂት ሰዓታት ቆይታ ውስጥ የዚህን ቁጥር እጥፍ የሚጠጋ ሞገድ መምጣቱ የተለመደ የባሕር ጠባይ ነው። ከአደጋ በኋላ «ያልታሰበ ሞገድ መጣ» ሲባል ይሰማል። በእኔ እምነት አብዛኛው ያልታሰበ የተባለ ሞገድ መታሰብ የነበረበት ነው፤ ትንበያው ሁለት ሜትር ሲል አራት ሜትር የሚጠጋውን አስቦ መቆሚያ የማይመርጥ ሰው ስሌቱን በግማሽ ትቶታል ማለት ነው።

ስለዚህ ዐለት ላይ ከመውረድ በፊት ከፍ ካለና ደረቅ ከሆነ ቦታ ላይ ሆኖ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ባሕሩን መመልከት ይገባል። ትልልቅ ሞገዶች በቡድን ይመጣሉ፤ በመካከላቸውም ባሕሩ የተኛ እስኪመስል የሚዘልቅ ዕረፍት አለ። አምስት ደቂቃ ብቻ የተመለከተ ሰው ያየው ዕረፍቱን ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜም ቢሆን የራሰ ቦታ ለመቆሚያ አይሆንም። ደረቅ ሆኖ የቆየ ቦታም ቢሆን ማስተማመኛ የሚሰጠው ውኃው እየጎደለ ከሆነ ብቻ ነው፤ እየሞላ ከሆነ ደረቁ ዐለት የሚናገረው ስላለፈው ሰዓት ነው።

ዕቃ ከማራገፍ በፊት ሁለት መውጫዎችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በእግር የሚመለሱበት ነው። ሁለተኛውን አብዛኛው ሰው አያስበውም፤ እሱም ሰው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ዋኝቶ ሊወጣበት የሚችል ቦታ፣ ለምሳሌ በአቅራቢያው ያለ የአሸዋ ዳርቻ ወይም ሞገድ የማይመታው ጥግ ነው። ሁለተኛው መውጫ የሌለው ዐለት፣ ዓሣው የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ባልመርጠው እወዳለሁ።

ሕይወት አድን ጃኬትን በተመለከተ ክርክር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በዐለት ላይ የሚሞቱ አጥማጆች ጉዳይ ስላሳሰበው እ.ኤ.አ. በ2016 ሕግ አውጥቶ አደገኛ ተብለው በተለዩ ቦታዎች ጃኬት መልበስን ግዴታ አድርጓል፤ በብዙ ዐለቶች ላይም የሚወረወሩ ሕይወት አድን ቀለበቶች ተተክለዋል። ሕግ በሌለበት ቦታም ምክንያቱ ያው ነው። ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ወደሆነ ውኃ በድንገት የወደቀ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ሳይፈልግ ውኃ ይስባል፤ ጎበዝ ዋናተኛ መሆኑም በዚያች ቅጽበት ብዙ አይረዳውም። ጃኬቱ የሚያስፈልገው ራስን ከውኃ በላይ ይዞ ያንን ጊዜ ለማሳለፍ ነው።

የወደቀ ሰው ደመ ነፍሱ ወዲያው ዐለቱን ጨብጦ እንዲወጣ ይገፋፋዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም ይኸው ነው፣ ቀጣዩ ሞገድ ከዐለቱ ጋር ያላትመዋልና። ሞገዱ ከሚሰበርበት መስመር ወደ ውጭ ዋኝቶ፣ በጀርባ ተንሳፍፎና ትንፋሽን አረጋግቶ ወደ ሁለተኛው መውጫ መሄድ ወይም ረዳት መጠበቅ ይሻላል። ዐለቱ ላይ የቀረው ባልንጀራ ተከትሎ መዝለል የለበትም። ገመድ ወይም የሚንሳፈፍ ነገር፣ ሌላው ቢጠፋ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን እንኳ ወርውሮ፣ ዓይኑን ከወደቀው ሰው ሳይነቅል የአካባቢውን የአደጋ ጊዜ ቁጥር ይደውላል። ዐለት ላይ ብቻን መሄድ የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው አደጋ የሚደርሰው ዓሣው በተያዘ ጊዜ ነው። መንጠቆ የዋጠ ትልቅ ዓሣ ከሥር ሲታገል ሰው ሳያስበው አንድ እርምጃ፣ ከዚያም ሁለተኛ እርምጃ ወደ ውኃው ይወርዳል። ዓሣውን ከየት ሆኖ እንደሚያወጣ አስቀድሞ መወሰንና ከዚያ መስመር አለማለፍ፣ ካልሆነም ክሩን መቁረጥ ነው። በዐለት ሥር የተያዘ መንጠቆን ለማስለቀቅም መውረድ አይገባም።

የወንዝ አፍ፦ ከኋላ የሚመጣው ውኃ

የወንዝ አፍ ጸጥ ያለ በመሆኑ ለጀማሪ፣ ለልጆችና ለአረጋውያን የተሻለ ምርጫ ነው፤ ይህን ያለ ማመንታት እላለሁ። ደህንነቱ ግን የሚወሰነው በመቆሚያው ላይ ነው። ከጠንካራ የወንዝ ዳር፣ ከግንብ ወይም ለአጥማጆች ከተፈቀደ መድረክ ላይ የሚያጠምድ ሰውና፣ ውኃው ሲጎድል በተገለጠው ሜዳ ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገብቶ የቆመ ሰው አንድ ዓይነት ስጋት የለባቸውም።

ጭቃው ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው በቦዮቹ ጠርዝና ትንንሽ ጅረቶች በሚገቡባቸው ቦታዎች ነው። ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥሩ እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ ይኖራል። እግሩ የተያዘ ሰው በኃይል በጎተተ ቁጥር ጭቃው ይበልጥ ይይዘዋል፤ ወደ ኋላ ተቀምጦ ወይም ተንጋሎ ክብደቱን በሰፊው ማሳረፍና እግሩን ቀስ በቀስ እያወዛወዘ ውኃ እንዲገባበት ማድረግ አለበት። ረዳቱም ወደ እሱ ሳይቀርብ እርዳታ መጥራት ይገባዋል፤ ሙላት እየመጣ ከሆነ ጥሪው መዘግየት የለበትም።

እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለወንዝ አፍ ይጠቅማል፤ ለዐለት ግን ፈጽሞ አይሆንም። ውስጡ ውኃ የሞላ ሱሪ ሰውን ወደ ታች አይጎትትም፣ ሆኖም እግርን ያከብዳል፣ ከውኃ ለመውጣትም እንቅፋት ይሆናል። ወገብ ላይ በቀበቶ ማጥበቅ የሚገባውን ውኃ ይቀንሳል። በውኃ ውስጥ ሲራመዱ እግርን ከማንሣት ይልቅ እያንሸራተቱ መሄድ ያስፈልጋል፤ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የተኛ ስቲንግሬይ የተባለ ጠፍጣፋ ዓሣ ሲረገጥ በጅራቱ እሾህ ይወጋል፣ ሲነካ ግን ይሸሻል። የባሕር ዓሣ እሾህ የወጋውን እጅ ወይም እግር ሰው ሊታገሠው በሚችል መጠን በሞቀ፣ ከ45 ዲግሪ በማይበልጥ ውኃ ውስጥ መንከር ሕመሙን ያስታግሣል፤ ደረት ወይም ሆድ ላይ የደረሰ ውጋት፣ ወይም በሥጋ ውስጥ የቀረ እሾህ ግን ሳይነካ ወደ ሐኪም ይወሰዳል። በሞቃት አገሮች የወንዝ አፍ የሌሎች እንስሳትም ቤት ነው። በሰሜናዊ አውስትራሊያ የጨው ውኃ አዞ፣ በደቡብ አፍሪካ ሴንት ሉሺያ ደግሞ የናይል አዞና ጉማሬ አሉ። እንዲህ ባለ ቦታ የውኃውን ጠርዝ ተጠግቶ መቆምም ሆነ ዓሣውን እዚያው መዘልዘል አይገባም።

ከካርቦን የተሠራ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ መርሳት አይገባም። በወንዝ አፍ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተሻግሮ የሚያልፍበት ቦታ ብዙ ነው፤ ከሥሩ ዘንግ መወርወር አይገባም። መብረቅ ሲጀምር በሁለቱም ቦታ ዘንጉን አስቀምጦ መሄድ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ዓሣው የት ይቆማል?

በዐለት አካባቢ ዓሣ የሚሰበሰበው ሞገዱ ነጭ አረፋ በሚሠራበት ጠርዝ ላይ ነው፤ ሞገዱ ከዐለቱ ላይ ሸርጣንና ዛጎል እየነቀለ ያወርዳል፣ አረፋውም ትንሹን ዓሣ ከአዳኝ ዓይን ይሸፍነዋል። ከጥልቅ ውኃ የሚጠጉ ፈጣን አዳኞች፣ ለምሳሌ በብዙ ውቅያኖሶች የሚገኘው ብሉፊሽ፣ እዚህ ይገኛሉ። ጥርሱ እጅን ስለሚቆርጥ መንጠቆውን በመቆንጠጫ ማውጣት ይገባል። ችግሩ ዓሣውን የሚስበውና ሰውን የሚያሰጋው አንድ መሆኑ ነው። አረፋ በሌለበት ባሕር ዐለት ላይ የሚያዘው ጥቂት ነው፣ አረፋው ሲበዛ ደግሞ መቆሚያ ይጠፋል። ጥሩው ቀን በሁለቱ መካከል ያለው ጠባብ ጊዜ ነው።

በወንዝ አፍ ዓሣውን የሚያንቀሳቅሰው ጅረቱ ነው። ሙላት ሲጀምር ዓሣው ከውኃው ጋር ወደ ጥልቀት አልባው ሜዳ ወጥቶ ትልና ሽሪምፕ ይለቅማል፤ ጉድለት ሲጀምር ወደ ቦዮቹ ይመለሳል፣ ትልልቆቹም ትንንሽ ጅረቶች በሚፈስሱበት አፍ ላይ ቆመው የሚወርደውን ይጠብቃሉ። ስለዚህ በጉድለቱ የመጀመሪያ ሰዓታት ጠንካራ ዳር ላይ ቆሞ የቦይ ጠርዝ ላይ መጣል ለአጥማጁም ደህና ነው፣ ለመያዝም ምቹ ነው። ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ጨው አልባው ድፍርስ ውኃ ከላይ ይፈስሳል፣ ጨዋማውና ከባዱ ውኃ ከሥር ይቀራል፤ ያን ጊዜ ጥልቅ ጉድጓዶችን ወይም ከአፉ ውጭ ውኃው ቀለም የሚለውጥበትን መስመር መሞከር ነው። ሙሌት፣ ፍላውንደርና ሲ ባስ የተባሉት ዓሦች እንዲህ ያለውን ውኃ የሚወዱ ናቸው።

የወንዝ አፍ የብዙ ዓሦች ማሳደጊያ መሆኑ ለአጥማጁ ኃላፊነት ያመጣል። የአውሮፓው ሲ ባስ ጫጩቶች የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚያሳልፉት በዚህ ነው። ስለዚህ በዚህ ስፍራ ከሚያዘው ብዙው ትንሽ ነው፤ የአገሩን የርዝመትና የብዛት ገደብ ማወቅ፣ መለኪያ መያዝ፣ የሚለቀቀውን ዓሣ በረጠበ እጅ ይዞ ቶሎ መመለስ የግድ ነው። ለመብል የሚሆነውን በተመለከተ ሁለት ነገር እጨምራለሁ። ከከተማና ከፋብሪካ በታች ያለ ወንዝ፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ፣ ፍሳሽ ስለሚቀላቀልበት የጤና ባለሥልጣናትን ማሳሰቢያ መከታተል ያስፈልጋል። በሁለቱም ቦታ የሚያዘውና ሲነካ የሚነፋው ፐፈርፊሽ ደግሞ ምግብ አይደለም፤ መርዙን ምግብ ማብሰል አያጠፋውም፣ ማርከሻም የለውም።

ዕቃው

በዕቃ ረገድ ልዩነቱ ቀላል ነው። ለወንዝ አፍ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር የሆነ ቀላል ዘንግ፣ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም የሚሸከም ክርና ለክብደት የሚታሰር ትንሽ እርሳስ ይበቃሉ። ለዐለት ከ3 ሜትር የሚበልጥ ዘንግ፣ ከ8 እስከ 15 ኪሎ ግራም የሚሸከም ክርና ረጅም እጀታ ያለው መረብ ያስፈልጋል። ረጅሙ ዘንግና ረጅሙ እጀታ ሰውየው ከጠርዙ ርቆ እንዲቆም ስለሚያስችሉ የደህንነት ዕቃዎችም ናቸው። ገንዘብ የሚያጥረው ሰው ከዘንጉ ይልቅ በጫማው ላይ ያውጣ፤ አልጌ የሸፈነውን ዐለት ለመራመድ ሶሉ ላይ የብረት ጥርስ ያለው ጫማ ያስፈልጋል፣ የላስቲክ ቦት ግን ያንሸራትታል፣ ውኃም ይይዛል።

የቦታውን ዕውቀት ስለ መሰብሰብ

ትንበያና ሰንጠረዥ የማይነግሩት ብዙ ነገር አለ፤ በየትኛው የነፋስ አቅጣጫ ዐለቱ እንደሚታጠብ፣ ከባለፈው ጎርፍ በኋላ ቦዩ ወዴት እንደዞረ፣ የትኛው ጭቃ ሰው እንደሚይዝ የሚያውቁት እዚያው የኖሩና ለዓመታት ያጠመዱ ሰዎች ናቸው። እነርሱን «ዓሣ የት አለ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «እናንተ መቼ አትመጡም?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ብዙ ሰው በሙሉ ልብ አይመልስም፣ ሁለተኛውን ግን ማንም አይደብቅም፤ ለአዲስ ሰው የሚጠቅመውም እሱ ነው። አጥማጅ ሁልጊዜ የሚቆምበት ዐለት ደህና ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው፤ ምናልባት የሚቆሙት በአንድ ዓይነት ሞገድ ብቻ ነው።

የራስ ጥናትም ያስፈልጋል። ውኃው በጣም በሚጎድልበት ቀን፣ ዘንግ ሳይዙ፣ በቀን ብርሃን ቦታውን መዞርና ፎቶግራፍ ማንሣት ሌሎች ጉዞዎችን ሁሉ ይጠቅማል። ሲሞላ የሚሸፈነው ቦይ፣ ጉድጓድና የዐለት ሥር ያን ጊዜ ይታያል፤ ዓሣው የት እንደሚቆም ማወቅና በየት እንደማይመለሱ ማወቅ በአንድ ዙር ይገኛሉ። በሌሊት ማጥመድ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ባጠናው የወንዝ ዳር ላይ ቢሆን መልካም ነው። ዐለትን በሌሊት አልመክርም፤ የሚመጣውን ሞገድ ማየት የማይቻልበት ሰዓት ነውና።

ታዲያ የትኛው?

መዋኘት የማይችል፣ ልጆች ይዞ የመጣ፣ ብቻውን የሆነ ወይም ቦታውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው የወንዝ አፍን፣ ያውም ጠንካራውን ዳር ይምረጥ። ሞገዱ ዝቅተኛ በሆነበትና ውኃው እየጎደለ ባለበት ሰዓት፣ ጃኬትና ጫማ ኖሮት፣ ያንን ዐለት ከሚያውቅ ሰው ጋር የሚሄድ ዐለቱን ሊመርጥ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው የወንዙ መግቢያ ግንብ ብዙ ጊዜ እንደ ማስታረቂያ ይታያል፤ ነገር ግን የግንቡ ጫፍ ሞገድ ሲያገኘው ከዐለት የማይሻል መሆኑንና ጉድለቱ ከወንዙ ሲወጣ ከባሕር ሞገድ ጋር ተጋጭቶ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ከፍ እንዲል እንደሚያደርገው መታወቅ አለበት። ወደ ውስጥ የገባው የግንቡ ክፍል ይሻላል።

ከቤት ሲወጡ ሁለቱንም ቦታ በካርታ ላይ መርጦ መያዝ እጅግ ይጠቅማል። ዐለቱን አይቶ አልወደውም ያለ ሰው መሄጃ ሌላ ቦታ ካለው መመለስ አይከብደውም፤ ሌላ ቦታ የሌለው ግን ረጅም መንገድ መጥቻለሁ ብሎ መውረድ ይቃጣዋል። የሚሄዱበትን ቦታና የሚመለሱበትን ሰዓት ለአንድ ሰው መንገር፣ ቦታ ሲለውጡም የስልክ መረብ ከሚጠፋበት ዳርቻ ከመድረስ በፊት ለዚያው ሰው ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ፈላጊዎች ወደ ዐለቱ እየሄዱ አጥማጁ በጭቃው ሜዳ ላይ እንዳይገኝ።